ብርቅ የሆነ ሁሉ ክቡር ነውን?



ሰው ስለ አንድ ነገር ዋጋ ሲናገር ብዙ ጊዜ የሚያስቀድመው «ስንት አለ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ጥቂት ከሆነ ዓይኑ ይከፈታል፤ ብዙ ከሆነ ሳያየው ያልፋል። ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም እስከ ስሜን ተራሮች ግርጌ ባለው አገራችን «ብርቅዬ» የሚለውን ቃል ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው አድገናል። ዋልያ ብርቅዬ ነው፤ ቀይ ቀበሮ ብርቅዬ ነው፤ ጭላዳ ዝንጀሮም ብርቅዬ ነው ተብለን ተምረናል። የለመድነው ቃል ግን ቆም ብለን ስንመረምረው ከባድ ጥያቄ ይዞ ይገኛል። ይኸውም አንድ ነገር ክቡር የሚሆነው ብርቅ በመሆኑ ነውን? ብርቅ ያልሆነውስ፣ በየቀኑ የምናገኘው፣ ክብር የለውምን? የሚል ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት እንወያይ። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ብርቅ የምንለውን ሐሳብ ብዙ የአውሮፓ ሕዝቦች ከአንድ ምንጭ በቀዱት ቅጽል ይጠሩታል። ምንጩ የላቲኑ «ራሩስ» ነው። እንግሊዞች «ሬር»፣ ፈረንሳዮችና ጀርመኖች «ራር»፣ ጣሊያኖች፣ ስፔኖችና ፖርቱጋሎች «ራሮ» ይሉታል። በጥንቱ ላቲን ግን የዚህ ቃል የመጀመሪያ ትርጉም ውድ ወይም ክቡር ማለት አልነበረም። የሳሳ፣ የተራራቀ፣ ጥቅጥቅ ያላለ ማለት ነበር። ዓይኑ የሰፋ መረብ፣ እዚህም እዚያም ተራርቆ የበቀለ ዛፍ በዚህ ቃል ይገለጽ ነበር። ቆይቶ የተራራቀው ነገር በቀላሉ ስለማይገኝ ቃሉ «ጥቂት» ማለት ሆነ፤ ጥቂቱም ስለሚፈለግ «ውድ» የሚል ትርጉም ተጨመረበት።

የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ ቃሉ በየአገሩ የያዘው ጠባይ ነው። ስፔኖች «ራሮ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ እንግዳ፣ ያልተለመደ፣ ግራ የሚያጋባ ማለታቸው ነው። የሆላንድና የኖርዌይ ሰዎችም በዚሁ ቃል እንግዳ ጠባይ ያለውን ሰው ይጠሩበታል። በዴንማርክና በስዊድን ግን ያው ቃል ደግ፣ ተወዳጅ የሆነውን ሰው ያመለክታል። አንድ ቃል በአንዱ አገር መሸሻ፣ በሌላው አገር መውደጃ ሆነ ማለት ነው። ይህም የሚያሳየን ብርቅ ነገር በራሱ ምንም እንደማይናገር፣ የሚናገረው የተመልካቹ ልብ እንደ ሆነ ነው።

የእኛ ቋንቋ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስተምረናል። አማርኛ የተራራቀውንና የቀጠነውን ነገር «ሳሳ» ይለዋል፤ ደኑ ሳሳ፣ ፀጉሩ ሳሳ፣ ሸማው ሳሳ። እናት ልጇ እንዳይጎዳባት ስትጨነቅ ደግሞ «ትሳሳለታለች» እንላለን። ሁሉን ለራሱ አግበስብሶ ለሌላው የማያካፍለውንም «ስስታም» እንለዋለን። እንግዲህ የነገር መሳሳት፣ ለሰው መሳሳትና ስስት በአንድ ድምፅ ተጎራብተው ይኖራሉ። አንድ ነገር ሲሳሳ በሰው ልብ ሁለት በሮች ይከፈታሉ፤ አንደኛው የርኅራኄ፣ ሁለተኛው የስግብግብነት በር ነው። የሥነ ምግባሩም ጥያቄ በየትኛው በር እንገባለን የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ብርቅነት በነገሩ ውስጥ ያለ ጠባይ አለመሆኑን እንመልከት። አባቶቻችን እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት የነበረው አሞሌ ጨው ከአፋር ቆላ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ አሞሌ ከሚወጣበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ ጽፏል። ጨውነቱ በቆላም በደጋም አንድ ነው፤ የጨመረው የመንገዱ ርዝመትና የነጋዴው ድካም ነው። ቆላ ላይ እንደ ድንጋይ የሚቆጠረው ደጋ ላይ ሲደርስ ብር ሆነ።

የአሉሚኒየም ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። በ1850ዎቹ ይህን ብረት ከአፈሩ ለይቶ ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ስለ ነበረ በአውሮፓ ከከበሩት ማዕድናት ጋር ይቆጠር ነበር። በ1884 በአሜሪካ የዋሽንግተን ሐውልት ሲፈጸም ጫፉ ላይ የተቀመጠው አሉሚኒየም ነበር። በ1886 ግን አሜሪካዊው ሆልና ፈረንሳዊው ኤሩ በየበኩላቸው በኤሌክትሪክ ኃይል በብዛት የሚወጣበትን ዘዴ አገኙ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዋጋው ወደቀ። በሐውልት ጫፍ የነገሠው ብረት ዛሬ በየገበያው ድስት ሆኖ ይሸጣል። ብረቱ አልተለወጠም፤ እንዲያውም ለድሃው ቤት ወጥ ማብሰያ ሆኖ ከቀድሞው ይልቅ ጠቀመ። ክብሩ ከብርቅነቱ ብቻ የመጣ ስለ ነበረ ግን ብርቅነቱ ሲቀር ክብሩም አብሮ ቀረ።

ሩቅ ሳንሄድ ጭላዳን እንውሰድ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በዓለም ላይ በሌላ ዱር አይገኝም። ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ በሳንቃበር ሜዳ መንጋው ሣር ሲነጭ ለማየት ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ብርዱን ታግሦ ይቀመጣል። በዚያው ቀን፣ በዚያው ተራራ ግርጌ፣ የገበሬው ልጅ ያንኑ ጭላዳ ከገብሱ ማሳ ለማባረር ወንጭፉን ይዞ ይውላል። እንስሳው አንድ ነው። ለአንዱ ሕልም የሆነው ለሌላው የእህል ጠላት ነው። ስለዚህ እንግዳውን አዋቂ፣ ልጁን አላዋቂ ብለን መፍረድ አይገባንም። ሁለቱም የሚያዩት ከቆሙበት ቦታ ነው። ብርቅነት የርቀት ልጅ ነውና፤ አባቶቻችንም «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ያሉት ይህን አይተው ነው።

ሁለተኛ፣ ብዙ የሆነው ነገር ከብርቁ ይልቅ ለሕይወት የሚቀርብ መሆኑን እናስተውል። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ሁለቱንም ወገን መዝኗል። በአንድ በኩል ወርቅ ከብረት ያነሰ ጥቅም ቢኖረውም ማግኘቱ ስለሚከብድ ይበልጣል ይባላል፤ በሌላ በኩል ግን ብዙ የሆነው ዘወትር ስለሚያገለግል ከብርቁ ይበልጣል ይላል፤ ለዚህም ውኃን ያነሣል። በ1776 ስኮትላንዳዊው አዳም ስሚዝ ይህንኑ ነገር አንሥቶ ከውኃ የሚጠቅም ሳይኖር በውኃ የሚገዛ ነገር እምብዛም እንደማይገኝ፣ አልማዝ ግን ጥቅሙ ጥቂት ሆኖ ብዙ ዕቃ እንደሚለወጥበት አሳየ። ከእርሱም ወዲህ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የገበያ ዋጋና የነገሩ ጥቅም ሁልጊዜ እንደማይገጥሙ ሲያስረዱ ይህን ምሳሌ ይጠቅሳሉ። እንግዲህ ገበያ ዋጋን ይነግረናል እንጂ ክብርን አይነግረንም።

የደጋው ገበሬ ይህን ሳይማረው ያውቀዋል። በወገራና በስሜን ደጋ ከገብስ የበለጠ የተለመደ እህል የለም። ቆሎው ገብስ ነው፤ በሶው ገብስ ነው፤ እንጀራውም ጠላውም ብዙ ጊዜ ገብስ ነው። ይሁን እንጂ አባቶቻችን ገብስን «የእህል ንጉሥ» ብለው ጠሩት። በጥቂቱ የሚገኘውን ሳይሆን በየቤቱ የሚገኘውን አነገሡት። ይህ ታላቅ ፍልስፍና ነው። ንጉሥ ማለት ብቻውን የተለየ ሳይሆን ሁሉን የሚመግብ ነው ማለታቸው ነውና።

ሦስተኛ፣ ብርቅነትን የሚያመልክ ሰው መጨረሻው ብርቅነትን መፍጠር መሆኑን እንመልከት። የዋልያ ቀንድ በቀድሞ ዘመን የመጠጫ ዋንጫ ይሠራበት ነበር። እንስሳው ባነሰ ቁጥር ዋንጫው ይወደዳል፤ ዋንጫው በተወደደ ቁጥር አዳኙ ይበረታል፤ አዳኙ በበረታ ቁጥር እንስሳው ያንሳል። በዚህ ክበብ ውስጥ የመጨረሻው ዋልያ ከሁሉ የከበረው ዋልያ ይሆናል፤ በከበረበትም ቀን ያልቃል። በራብ ዘመን እህሉን በጉድጓድ ቀብሮ ዋጋ እስኪንር የሚጠብቅ ነጋዴም የሚሠራው ይህንኑ ነው። እህሉን አላበዛውም፣ አላጣፈጠውም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር ብርቅ ማድረግ ብቻ ነው። የእርሱ ትርፍ የሌላው ልጅ ራብ ነው። የነገር ክብር ከማነሱ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው ክብርን ፈጠረ ልንለው በተገባን ነበር። ሕሊናችን ግን እንዲህ ማለትን እንቢ ይላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህን ሚዛን በሰው ላይ ስንጭነው ነው። ሰው ብርቅ ፍጡር አይደለም። ዛሬ በምድር ላይ ከስምንት ቢሊዮን በላይ ሰዎች ይኖራሉ። በዓለም ያሉት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ግን ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ ከእነርሱም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ሲሆኑ በስሜን ያሉት ጥቂት ናቸው። ክብር በቁጥር ማነስ የሚለካ ቢሆን አንድ ሕፃን በተወለደ ቁጥር የሌሎቹ ሕፃናት ክብር ጥቂት ጥቂት በቀነሰ ነበር። ሰባት የወለደች እናትም እያንዳንዱን የሰባተኛ ያህል በወደደች ነበር። እናት ግን እንዲህ አትከፍልም፤ ለሰባቱም ለእያንዳንዳቸው ሙሉ ልብ አላት።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባናል። ብርቅነት የወገን ቁጥር ነው፤ «ከዚህ ዓይነት ስንት አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚገኝ መልስ ነው። አንድነት ግን ሌላ ነው። ከቢሊዮኖች መካከል ያለው እያንዳንዱ ሰው ዳግመኛ የማይገኝ አንድ ሰው ነው። ወገኑ ቢበዛም እርሱ ግን አይደገምም። ጎረቤታችን ሲሞት «ሌላ ብዙ ሰው አለ» ብሎ የሚያጽናና ቢመጣ ከለቅሶው ቤት እናስወጣዋለን።

በዳባት አንድ የሚያስመሰግን ሥራ አለ። ከ1996 ጀምሮ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚያ ወረዳ በተመረጡ ቀበሌዎች የሚወለደውን፣ የሚሞተውን፣ የሚሰደደውን ሰው ሁሉ ቤት ለቤት እየተከታተለ ይመዘግባል። የሚመዘገቡት ሰዎች ብርቅዬ አይደሉም፤ ገበሬዎች፣ እናቶች፣ ሕፃናት ናቸው። ነገር ግን አንድ ሕፃን በሞተ ጊዜ መዝጋቢው ወደ ቤቱ ሄዶ ምን እንደ ገደለው ይጠይቃል። ተራ የተባለው ሰው አንድ ሆኖ ሲቆጠር እንዲህ ነው። በአንጻሩም በ2021 ጦርነቱ ወደ ዳባትና ደባርቅ በደረሰ ጊዜ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ዜናቸውም በየቦታው በቁጥር ተነገረ፤ በቁጥሩም ላይ ክርክር ተነሣ። የሟቾቹ ቤተ ሰቦች ግን የሚያለቅሱት ስም ጠርተው ነው። በቁጥር ብቻ የሚነገር ሰው ሁልጊዜ ብዙ ይመስላል፤ በስም የሚጠራ ሰው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው።

ምናልባት ከአንባብያን መካከል «እንግዲያውስ ዋልያን ስለምን እንጠብቃለን? ብርቅነት ክብር ካልሆነ ቢጠፋስ ምን ይጎድላል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ይህ ነው፤ ብርቅነት የክብር ምንጭ አይደለም፤ የአደጋ ደወል ግን ነው። «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ይባላል። አንድ ልጅ ያላት እናት እንቅልፍ የምታጣው የእርሷ ልጅ ከሌላው ልጅ ስለሚበልጥ አይደለም፤ እርሱ ከጠፋ ሌላ ስለሌላት ነው። በወንጌሉ ምሳሌ ላይ ያለው እረኛም ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዲቱን የፈለገው ዘርዋ የተለየ ስለ ሆነ ሳይሆን ስለ ጠፋች ነው። ዋልያ ብዙ ቢሆንም ያው ዋልያ ነው፤ ሲያንስ ግን የእኛ ኃላፊነት ይበዛል።

ኃላፊነቱም ቀላል አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዋልያዎች 150 ያህል ብቻ እንደ ቀሩ ተገምቶ ነበር። በ1969 የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ በ1978ም በዓለም ቅርስነት መጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ። በ1996 የዋልያው ቁጥር በማነሱ፣ ሰፈራውና ግጦሹም በመስፋቱ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። በመካከሉ የዋልያዎቹ ቁጥር ከስድስት መቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ በ2020 ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ግን ጥበቃው ስለ ላላ እንደገና አሽቆለቆለ። ብሔራዊ ቡድናችን «ዋልያዎቹ» እየተባለ ይጠራል፤ ስሙ በየአደባባዩ በዝቷል፤ ባለ ስሙ ግን በገደሉ ላይ እያነሰ ነው።

ከአደጋው መዝገብ ለመውጣት ከተከፈለው ዋጋ አንዱ የግጭ መንደር ነው። በፓርኩ ውስጥ ለብዙ ትውልድ እያረሱና ከብት እያረቡ የኖሩት ከ400 በላይ አባወራዎች በ2016 መንደራቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። ካሣ ተከፍሏቸዋል፤ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤትም ቀርቦላቸዋል። ግጦሹም በእርግጥ ለዋልያው መኖ ጠንቅ ነበር። ይሁን እንጂ ገብስ ዘርቶ፣ በግ አርብቶ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተረዳድቶ የኖረን ሰው በከተማ ዳር ሁሉን በገንዘብ ግዛ ማለት ከባድ ነገር ነው። እዚህ ላይ ነው ቃላችንን መመርመር የሚያስፈልገው። «ዋልያው ብርቅዬ ስለ ሆነ ገበሬው ይነሣ» ብንል ሰውን በቁጥር ብዛቱ አራክሰነዋል። «ሰው እያለ እንስሳ ምንድን ነው?» ብንልም ዳግም የማይመለሰውን ፍጥረት ጥለነዋል። ትክክለኛው አነጋገር እንዲህ ይመስለናል፤ ዋልያው ሌላ መሄጃ ስለሌለው ስፍራ እንስጠው፤ ስፍራውን የለቀቀለት ገበሬ ደግሞ ባለ ውለታ ነውና ሸክሙን ብቻውን እንዳይሸከም እንርዳው። የዋልያው ክብር ለአገር ሁሉ ከሆነ የዋልያው ዋጋም በአገር ሁሉ ላይ መውደቅ አለበት እንጂ በግጭ ሰው ላይ ብቻ አይደለም።

በመጨረሻ ጥያቄው እኛንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ይነካናል። በ1950 በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የተማረ ሰው በአገራችን ብርቅ ነበር። ዛሬ ደባርቅ ራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ምሩቁ በዝቷል፤ ሥራ ፈላጊውም በዝቷል። ብዙ ወጣቶች «እንግዲህ ትምህርት ምን ዋጋ አለው?» ሲሉ ይሰማል። ሐዘናቸው እውነተኛ ነው፤ ሥራ ማጣት በቃል የሚሽር ቁስል አይደለም። ነገር ግን ትምህርት የተወደደው ጥቂቶችን ከብዙዎች በላይ ስላስቀመጠ ብቻ ከሆነ ከጅምሩም ስስት ነበር። የተወደደው ደብዳቤ ለማንበብ፣ ሕመምተኛ ለማዳን፣ አፈሩን ከመታጠብ ለማስቀረት ከሆነ ግን በበዛ ቁጥር ክብሩ ይጨምራል። መብራት በአንድ ቤት ብቻ ሲበራ ብርቅ ነው፤ በሁሉ ቤት ሲበራ ግን መንደሩ ይበራል።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገሮችን እንያዝ። አንደኛ፣ ብርቅ ነገር ሲገጥመን በስስት ሳይሆን በመሳሳት እንቅረበው፤ «የእኔ ይሁን» ሳይሆን «እንዳይጠፋ» እንበል። ሁለተኛ፣ በየቀኑ የምናገኘውን፣ ውኃውን፣ ገብሱን፣ ምድጃ አጠገብ የምትውለውን እናታችንን፣ ስለ ለመድነው አናቃልለው። የተለመደ ማለት ሳይታክት የመጣልን ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ሰውን ከብዛቱ የተነሣ ርካሽ የሚያደርግ አነጋገር ከአፋችን አይውጣ፤ ከሌላው አፍ ስንሰማም ዝም አንበል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፤ ይህ መድኃኒት ደግሞ በብዛት የተሰጠን ስለ ሆነ ልናመሰግን እንጂ ልንንቀው አይገባም።

ይቆየን።